ራሱን የሚመገብ ሕዋስ፦ የኦቶፋጂ ጥናት አጭር ታሪክና ለሐኪም የሚሰጠው ትምህርት

መግቢያ

አንድ ጤናማ ጎልማሳ ሰው በቀን ከምግቡ የሚያገኘው ፕሮቲን በአማካይ ከ70 እስከ 80 ግራም ቢሆን ነው። በዚያው ቀን ሰውነቱ ከራሱ አካል አፍርሶ መልሶ የሚገነባው ፕሮቲን ግን ከ200 እስከ 300 ግራም ይደርሳል። እንግዲህ የሰው ልጅ ከውጭ ከሚቀርብለት ማዕድ ይልቅ በውስጡ ከተዘረጋው ማዕድ አብልጦ ይመገባል ማለት ነው። ይህ የውስጥ ማዕድ ዋነኛ ከሆኑት ሁለት መንገዶች በአንዱ ሲቀርብ፣ ሕዋስ የገዛ አካሉን ክፍሎች በስስ ሽፋን ጠቅልሎ፣ አፍርሶና ፈጭቶ መልሶ መገንቢያና ኃይል ያደርጋቸዋል። ይህ ሂደት ኦቶፋጂ ይባላል፤ ቃሉም “ራስ” እና “መብላት” ከሚል ትርጉም ካላቸው ሁለት የግሪክ ቃላት የተገኘ ነው።

የዚህን ዕውቀት ታሪክ መተረክ ለትዝታ ብቻ የሚጠቅም አይደለም። ጃፓናዊው ፕሮፌሰር ዮሺኖሪ ኦሱሚ በ2016 የኖቤል ሽልማት ከተቀበሉ ወዲህ ኦቶፋጂ የሚለው ቃል ከቤተ ሙከራ ወጥቶ በየመገናኛ ብዙኃኑ ተሰራጭቷል። “ይህን ያህል ሰዓት ብጾም ሕዋሶቼ ይታደሳሉን?”፣ “ከካንሰርስ እድናለሁን?” የሚሉ ጥያቄዎች ለሐኪም እየቀረቡ ነው። ለእነዚህ ጥያቄዎች ታማኝ መልስ መስጠት የሚቻለው ምን እንደታወቀ ብቻ ሳይሆን በምን ላይ ተሞክሮ እንደታወቀም ሲታወስ ነው። ስለዚህ ጸሐፊው አንባቢን ከታሪኩ መነሻ ጀምሮ ደረጃ በደረጃ ሊመራ ይሞክራል። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸው ይታወቅ።

ከዕውቀቱ የቀደመ ቃል

የቃሉ ዕድሜ ከዕውቀቱ ዕድሜ ይበልጣል። በ1859 አንሰልሚየ የተባሉ ፈረንሳዊ፣ ምግብ ፈጽሞ የተነፈገ አካል ከገዛ ራሱ እየተመገበ የሚቆይበትን ሁኔታ ለመግለጽ “ኦቶፋጂ” በሚለው ቃል ተጠቅመው ነበር። ይሁን እንጂ እርሳቸው የተናገሩት ስለ መላው አካል እንጂ ስለ አንዲት ሕዋስ አልነበረም። የሕዋስን መብላት በግልጽ ያሳየው ሩሲያዊው ኢሊያ ሜችኒኮቭ ነው፤ በ1882 በሲሲሊ ደሴት በሜሲና ከተማ የባሕር ኮከብ እጭን ሲመረምር፣ ተንቀሳቃሽ ሕዋሳት በእጩ አካል ውስጥ የተወጋውን እሾህ ከብበው ሊውጡት ሲጥሩ ተመለከተ። ይህ ግን ከውጭ የመጣን ባዕድ መብላት ነው። ሕዋስ ራሱን ይበላል ብሎ ለማሰብ ገና ብዙ ዓመታት ቀርተው ነበር።

ለዚህ መዘግየት አንዱ ምክንያት በዘመኑ የነበረው ስለ አካል ያለ አስተሳሰብ ነው። እስከ 1930ዎቹ ድረስ ብዙዎቹ ሊቃውንት አካልን እንደ ሞተር ይቆጥሩት ነበር፤ ምግብ ነዳጅ ሲሆን፣ የአካሉ ፕሮቲን ደግሞ ከጥቂት ማለቅና መጠገን በቀር ጸንቶ የሚኖር ብረት መሆኑ ነው። ይህን አስተሳሰብ ያፈረሱት ሩዶልፍ ሾንሃይመር ናቸው። አይሁዳዊ በመሆናቸው በ1933 ከጀርመን ተሰደው በኒው ዮርክ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ሥራ ጀመሩ። በዚያም ከባድ የሃይድሮጅንና የናይትሮጅን አይሶቶፖችን በምግብ ንጥረ ነገሮች ላይ እንደ ምልክት አድርገው ለአይጦች ሰጡ። ምግቡ ነዳጅ ብቻ ቢሆን ኖሮ ምልክቱ ከሞላ ጎደል ሁሉ በሽንት መውጣት ነበረበት። ነገር ግን ምልክት ከተደረገበት ናይትሮጅን ከግማሽ በላይ የሚሆነው በአይጦቹ ፕሮቲን ውስጥ ገብቶ ተገኘ፤ የአይጦቹ ክብደት ግን አልጨመረም። ስለዚህ አዲስ የገባው ያህል አሮጌ ወጥቷል። ሾንሃይመር በ1941 አረፉ፤ አካል በማያቋርጥ ፍርሻና ግንባታ ላይ መሆኑን ያስረዱበት መጽሐፋቸውም በ1942 ታተመ።

ሆኖም ፍርሻው በየትኛው የሕዋስ ክፍል፣ በምን መሣሪያ እንደሚካሄድ የሚያውቅ አልነበረም።

በሉቬን የተገኘው ከረጢት

መሣሪያው የተገኘው በአጋጣሚ ነው። ቤልጅማዊው ሐኪምና የባዮኬሚስትሪ ምሁር ክርስቲያን ደ ዱቭ በ1940ዎቹ መጨረሻ በሉቬን ዩኒቨርሲቲ የሚያጠኑት ስለ ኢንሱሊን ነበር። ኢንሱሊን በጉበት ላይ የሚያደርገውን ለማወቅ የአይጥ ጉበት እየፈጩ፣ በሚሽከረከር ሴንትሪፊውጅ የሕዋሱን ክፍሎች በየክብደታቸው እየለዩ፣ ኢንዛይሞችን ይለኩ ነበር። ለማነጻጸሪያ ያህል ብቻ አሲድ ፎስፋቴዝ የተባለ ሌላ ኢንዛይምም ለኩ።

ውጤቱ ግራ የሚያጋባ ሆነ። የኢንዛይሙ ኃይል ይገኛል ተብሎ ከተጠበቀው እጅግ አነሰ። ስሕተት ነው ብሎ መድፋት ቀላል ነበር፤ ነገር ግን ናሙናው በማቀዝቀዣ ውስጥ ለጥቂት ቀናት ቆይቶ እንደገና ሲለካ ኃይሉ ተመልሶ የተጠበቀውን ያህል ሆኖ ተገኘ። ደ ዱቭና ባልደረቦቻቸው ወደ ዋናው ጥናታቸው ከመመለስ ይልቅ ይህን እንቆቅልሽ መከተልን መረጡ። የደረሱበት ማብራሪያ የሚከተለው ነው። ኢንዛይሙ በስስ ሽፋን በተከበበ ከረጢት ውስጥ ታሽጎ ይኖራል፤ ከረጢቱ ትኩስ ሳለ ኢንዛይሙ ከውጭ ያለውን ነገር ሊነካ አይችልም፤ ከረጢቱ ሲያረጅና ሲቀደድ ግን ይወጣል። በተከታታይ ሥራ በዚሁ ከረጢት ውስጥ ሌሎችም አፍራሽ ኢንዛይሞች አብረው መኖራቸው ታወቀ። በ1955 ከረጢቱ ላይሶዞም፣ ማለትም “አፍራሽ አካል” የሚል ስም ወጣለት። በዚያው ዓመት አሜሪካዊው አሌክስ ኖቪኮፍ ሉቬንን ጎብኝተው ከረጢቶቹን በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ለማየት አስቻሉ።

ግኝቱ ለሕክምና ያበረከተው ነገር ብዙም አልዘገየም። በ1963 የደ ዱቭ ባልደረባ የነበሩት ሄንሪ ዤሪ ኸርስ፣ ሕፃናትን በልብና በጡንቻ ድካም የሚገድለው የፖምፔ በሽታ መንስኤው አንድ የላይሶዞም ኢንዛይም መጉደል መሆኑን አሳዩ። ወፍጮው ሲሰበር እህሉ እንደሚከማች ሁሉ፣ ላይሶዞም ያልፈጨው ነገር በሕዋሱ ውስጥ ተከማችቶ በሽታ ይሆናል። የጎደለውን ኢንዛይም በመተካት የሚደረገው ሕክምና የተፈቀደው በ2006 ነው።

ስም ወጣለት፤ ነገር ግን ተረሳ

ላይሶዞም ምን ይፈጫል? በ1950ዎቹ መጨረሻና በ1960ዎቹ መጀመሪያ የኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ተመራማሪዎች እንግዳ ነገር ማየት ጀመሩ። በ1957 ክላርክ በተወለዱ አይጦች ኩላሊት ውስጥ፣ በ1962 ደግሞ አሽፎርድና ፖርተር ግሉካጎን የተባለው ሆርሞን በተሰጠው የአይጥ ጉበት ውስጥ፣ ማይቶኮንድሪያንና ሌሎች የሕዋስ ክፍሎችን በሆዳቸው የያዙ ከረጢቶች መኖራቸውን አስተዋሉ። የሕዋሱ የገዛ ብልት በሕዋሱ ወፍጮ ውስጥ ገብቶ ተገኘ ማለት ነው።

በየካቲት ወር 1963 በለንደን ስለ ላይሶዞም በተደረገ ጉባኤ ላይ ደ ዱቭ እነዚህን የተበታተኑ ምልከታዎች አሰባስበው ሂደቱን “ኦቶፋጂ” ብለው ሰየሙት። ሜችኒኮቭ ካየው ባዕድን የመብላት ሥራ ጎን ለጎን ሕዋስ ራሱንም ይበላል ማለታቸው ነበር። ደ ዱቭ በ1974 ከአልበርት ክሎድና ከጆርጅ ፓላዴ ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ።

ከዚያ በኋላ ወደ ሠላሳ ዓመት ያህል ጥናቱ በዝግታ ተጓዘ። ፈጽሞ ቆመ ማለት አይደለም፤ በ1967 ዴተርና ደ ዱቭ ግሉካጎን በጉበት ውስጥ ኦቶፋጂን እንደሚያነሣሣ አረጋገጡ፤ ሞርቲሞር በአሜሪካ አሚኖ አሲድ ሲበዛ ኦቶፋጂ እንደሚገታ አሳዩ፤ ሴግለንና ጎርደን በኖርዌይ በ1982 ሂደቱን የሚያግድ ኬሚካል አገኙ። ነገር ግን የሚሠራው በምን ጂን እንደሆነ አልታወቀም፤ ጂኑ ያልታወቀን ነገር ደግሞ አጥፍቶ ውጤቱን ማየት አይቻልም። ከዚህም በላይ ላይሶዞም በዚያ ዘመን “የራስ ማጥፊያ ከረጢት” እየተባለ ይጠራ ስለነበር፣ በሚሞት ሕዋስ ውስጥ ኦቶፋጂ ሲታይ የሞቱ መንስኤ እርሱ እንደሆነ ይታሰብ ነበር። ሕዋሱ የሚታገለው ለመዳን ይሁን ለመሞት ለመለየት የሚያስችል መንገድ አልነበረም። መንገዱን የከፈተው እርሾ ነው።

ወፍጮውን ያቆመው ሰው

ዮሺኖሪ ኦሱሚ በ1945 በፉኩኦካ ተወለዱ። ከ1974 እስከ 1977 በኒው ዮርክ በሮክፌለር ዩኒቨርሲቲ ሠሩ፤ ደ ዱቭም በዚያው ዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራ ነበራቸው፤ ሆኖም ኦሱሚ ያኔ የሚሠሩት በሌላ ርዕስ ነበር። ከእርሾ ጋር የተዋወቁትም በዚያ ነው። ወደ ቶኪዮ ከተመለሱ በኋላ ቫኪዩል የተባለውን የእርሾ ትልቅ ከረጢት ማጥናት ጀመሩ። ቫኪዩል በዘመኑ የቆሻሻ መጣያ ይባል ስለነበር ብዙ ተፎካካሪ አልነበራቸውም። በ1988 በ43 ዓመታቸው የመጀመሪያውን የራሳቸውን አነስተኛ ቤተ ሙከራ ከፈቱ።

ዳቦ የሚነፋው፣ ጠላና ጠጅ የሚያፈላው እርሾ አንድ ሕዋስ ብቻ ያለው ፍጥረት ነው፤ ቫኪዩሉም ለሰው ሕዋስ ላይሶዞም አቻው ነው። ችግሩ ግን ኦቶፋጂ በእርሾ ውስጥ መኖሩ አለመታወቁ ነበር። ከረጢቶቹ እጅግ ትንንሽ ናቸው፤ ወደ ቫኪዩሉ የገባውም ወዲያው ስለሚፈጭ አይታይም። የኦሱሚ ሐሳብ ቀላል ሆኖ ብልህ ነበር። ወፍጮው ቢቆም የገባው እህል ይታያል። ስለዚህ የቫኪዩሉ አፍራሽ ኢንዛይሞች የጎደሉትን የእርሾ ዝርያ ወስደው ምግብ ነሡት። በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ቫኪዩሎቹ በሚንቀጠቀጡ ትንንሽ ከረጢቶች ተሞሉ፤ ይህንም ለማየት ተራ ማይክሮስኮፕ በቂ ነበር። ውጤቱ በ1992 ታተመ።

ቀጣዩ እርምጃ የታሪኩ መታጠፊያ ሆነ። ኦሱሚና ተማሪያቸው ሚኪ ሱካዳ የእርሾውን ጂኖች በዘፈቀደ የሚያበላሽ ኬሚካል ተጠቅመው በሺዎች የሚቆጠሩ ዝርያዎችን መረመሩ። ሲራቡ በቫኪዩላቸው ከረጢት የማይታይባቸውን ለዩ፤ በ1993 ለኦቶፋጂ አስፈላጊ የሆኑ 15 ጂኖችን የሚያመለክቱ ዝርያዎችን ይፋ አደረጉ። እነዚህ ዝርያዎች ምግብ በሞላበት ደኅና ያድጋሉ፤ በረሀብ ጊዜ ግን ከጤነኞቹ ቀድመው ይሞታሉ። ለሠላሳ ዓመት የቆየው ጥያቄ እዚህ መልስ አገኘ፤ ራስን መብላት ቢያንስ ለተራበ እርሾ የሞት ሳይሆን የመዳን መንገድ ነው።

በጀርመንና በአሜሪካም ሌሎች ቡድኖች በየራሳቸው መንገድ ወደነዚሁ ጂኖች ደርሰው የየራሳቸውን ስም ሰጥተዋቸው ስለነበር፣ በ2003 ተመራማሪዎቹ ተስማምተው ሁሉንም “ኤቲጂ” በሚል አንድ ስም ጠሩ። ዛሬ የታወቁት ከ40 በላይ ናቸው። በ1998 እና በ2000 የኦሱሚ ቡድን እነዚህ ጂኖች የሚያወጡት ፕሮቲኖች እንደ ሰንሰለት ተያይዘው ጠቅላዩን ሽፋን እንዴት እንደሚሠሩ አሳየ። በ2000 ደግሞ ታሞሱ ዮሺሞሪና ባልደረቦቻቸው በአጥቢ እንስሳት ሕዋስ ውስጥ ከረጢቱን የሚያመለክት ኤልሲ3 የተባለ ፕሮቲን አገኙ። ከዚያ ወዲህ ኦቶፋጂን በእንስሳት አካል ውስጥ መከታተል ተቻለ። ኦሱሚ በ2016 ብቻቸውን የኖቤል ሽልማት ሲቀበሉ፣ ስሙን ያወጡት ደ ዱቭ ከሦስት ዓመት በፊት በ2013 አርፈው ነበር።

ከእርሾ ወደ ሕሙሙ አልጋ

ጂኖቹ ከታወቁ በኋላ የተገኙት ውጤቶች በፍጥነት ተከታተሉ። ከሁሉ ይልቅ የሕፃናት ሐኪምን ልብ የሚነካው የኖቦሩ ሚዙሺማ ቡድን በ2004 ያወጣው ነው። እትብቱ ሲቆረጥ ከእናት በእንግዴ ልጅ በኩል ይመጣ የነበረው ምግብ በድንገት ይቋረጣል፤ ወተቱ ደግሞ ገና አልደረሰም። በዚህ ክፍተት በተወለዱ አይጦች አካል ውስጥ ኦቶፋጂ ከፍ ብሎ በሰዓታት ውስጥ ጫፍ ይደርሳል፤ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥም ይመለሳል። ለዚህ የሚያስፈልገው ጂን የጎደላቸው ግልገሎች ግን ሲወለዱ ደኅና ቢመስሉም በአንድ ቀን ውስጥ ሞቱ። ሕይወት በመጀመሪያዋ ዕለት የምትቆየው ራሷን ተመግባ ነው።

በ2006 ሁለት የጃፓን ቡድኖች በነርቭ ሕዋስ ውስጥ ብቻ ኦቶፋጂ የተቋረጠባቸውን አይጦች አጠኑ። እነዚህ እንስሳት አልተራቡም፤ ሆኖም በነርቭ ሕዋሶቻቸው ውስጥ የተጓጎለ ፕሮቲን ተከማችቶ እንቅስቃሴያቸው ተዛባ። በዚህም ኦቶፋጂ የረሀብ ጊዜ ስንቅ ብቻ ሳይሆን የዘወትር የቤት ጽዳት መሆኑ ታወቀ። በ2008 የሪቻርድ ዩል ቡድን በውርስ በሚመጣ የፓርኪንሰን በሽታ የሚበላሸው ፓርኪን የተባለ ፕሮቲን፣ የተጎዱ ማይቶኮንድሪያዎችን ለኦቶፋጂ እንደሚጠቁም አሳየ።

በካንሰር በኩል ፈር ቀዳጇ አሜሪካዊት ሐኪም ቤት ሌቪን ናቸው። በ1999 ከእርሾው ጂን ጋር ዝምድና ያለው ቤክሊን 1 የተባለ የሰው ጂን በጡት ካንሰር ሕዋሳት ውስጥ ኦቶፋጂን ሲመልስ የዕጢውን ዕድገት እንደሚገታ አሳዩ። በ2003 ከጂኑ ጥንድ አንዱን ያጡ አይጦች ዕጢ እንደሚያበዙ ተረጋገጠ። በሰው ላይ ግን ነገሩ እስካሁን ያከራክራል፤ ምክንያቱም ይህ ጂን በ17ኛው ክሮሞዞም ላይ የሚገኘው ቢአርሲኤ 1 ከተባለው የጡት ካንሰር ጂን አጠገብ በመሆኑ፣ በዕጢ ውስጥ ሁለቱ አብረው ሲጠፉ ጥፋተኛው የትኛው እንደሆነ መለየት ያስቸግራል። ፕሮፌሰር ሌቪን በ2020 በ60 ዓመታቸው በዚያው በጡት ካንሰር አረፉ።

ለሀገራችን ሐኪም ቅርብ የሆነው ደግሞ የሳንባ ነቀርሳ ነው። በ2004 የቮይስላቭ ዴሬቲች ቡድን፣ ባክቴሪያውን የዋጠ ማክሮፋጅ ኦቶፋጂው ሲነሣሣ ባክቴሪያውን ይበልጥ እንደሚገድል በቤተ ሙከራ አሳየ። ተስፋው ታላቅ ነበር። በ2015 ግን በአይጦች ላይ የተደረገ ጥናት፣ ከተመረመሩት የኦቶፋጂ ጂኖች መካከል መጥፋቱ በሽታውን ያባባሰው አንዱ ብቻ እንደሆነና እርሱም የሚሠራው በሌላ መንገድ እንደሆነ አመለከተ። በ2023 እንደገና በሰው ማክሮፋጅ ላይ የተሠራ ጥናት የኦቶፋጂን የመከላከያ ድርሻ አጠናከረ። በሳህን ውስጥ፣ በአይጥና በሰው ሕዋስ የሚታየው ሁልጊዜ አንድ እንዳልሆነ ከዚህ የበለጠ ምስክር የለም።

ከአንዱ ሕዋስ ወደ ሌላው

እስካሁን የተነገረው እያንዳንዱ ሕዋስ በራሱ ቤት ስለሚያደርገው ነው። ካለፉት ሃያ ዓመታት ወዲህ ግን የሕዋስ ጽዳት የጎረቤትም ጉዳይ መሆኑ እየተገለጠ መጥቷል። በ2010 በእርሾ ላይ የተሠሩ ጥናቶች፣ የኦቶፋጂ ጂኖች ለማፍረስ ብቻ ሳይሆን በተለመደው መንገድ ሊወጣ የማይችልን ፕሮቲን ወደ ውጭ ለመላክም እንደሚያስፈልጉ አሳዩ። ጠቅላዩ ከረጢት ወደ ወፍጮው ሊወስድ ይችላል፤ ወደ ደጅም ሊያወጣ ይችላል።

በ2014 በአይጥ ዓይን ላይ የተደረገ ጥናት እንዳመለከተው፣ ከዓይን ወደ አንጎል የሚሄዱ የነርቭ ሕዋሳት ያረጁ ማይቶኮንድሪያዎቻቸውን በዓይን ነርቭ መውጫ ላይ ለጎረቤት ደጋፊ ሕዋሳት አሳልፈው ይሰጣሉ፤ የሚያፈርሱላቸውም እነዚያ ናቸው። በ2017 የሞኒካ ድሪስኮል ቡድን በጥቃቅን ትሎች ላይ፣ የነርቭ ሕዋስ የተጓጎለ ፕሮቲንንና የተበላሹ ክፍሎቹን በትልቅ ከረጢት ጠቅልሎ ወደ ውጭ እንደሚጥል፣ ኦቶፋጂው ሲታገድም ይህን አብዝቶ እንደሚያደርግ አሳየ። በ2020 በስፔን የተሠራ ጥናት ተመሳሳይ ነገር በአይጥ ልብ ውስጥ አገኘ፤ የልብ ጡንቻ ሕዋሳት የተበላሹ ማይቶኮንድሪያዎችን ሲያወጡ በልብ ውስጥ የሚኖሩ ማክሮፋጆች ተቀብለው ያስወግዱላቸዋል። ማክሮፋጆቹ ሲጠፉ የልቡ ሥራ ታወከ። ሜችኒኮቭ ያየው ባዕድን መብላትና ደ ዱቭ የሰየሙት ራስን መብላት እዚህ ላይ ተገናኙ።

ይህ መተጋገዝ ግን ሁልጊዜ ለሕመምተኛው አይበጅም። በ2016 የአሌክ ኪመልማን ቡድን በቆሽት ካንሰር ላይ ያገኘው ያስደነግጣል። በዕጢው ዙሪያ ያሉ፣ ራሳቸው ካንሰር ያልሆኑ ሕዋሳት፣ በካንሰሩ ሕዋሳት ተነሣሥተው በኦቶፋጂ ራሳቸውን እያፈረሱ አላኒን የተባለውን አሚኖ አሲድ ያወጣሉ፤ ካንሰሩም በዚያ ይመገባል። ጤነኛው ጎረቤት ከገዛ አካሉ ቆርሶ ጠላቱን ይመግባል ማለት ነው።

ባለ ሁለት ስለት

ከዚህ የተነሣ ኦቶፋጂ ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ የሚለው ጥያቄ በራሱ ስሕተት ነው። ገና ያልተፈጠረን ዕጢ ሊከላከል ይችላል፤ የተፈጠረውን ዕጢ ደግሞ በደም እጥረትና በመድኃኒት ውስጥ ሊያሻግር ይችላል። ይህን በማሰብ ተመራማሪዎች ሂደቱን ለማገድ ሞክረዋል። የተጠቀሙበትም መድኃኒት ለእኛ እንግዳ አይደለም። ቫይቫክስ በተባለው ተሐዋሲ ለሚመጣ ወባ በሀገራችን የሚሰጠው ክሎሮኪን በላይሶዞም ውስጥ እየተከማቸ ሥራውን ያውካል። ደ ዱቭም በ1974 ወደ ላይሶዞም ስለሚሳቡ መድኃኒቶች ጽፈው ነበር። የክሎሮኪን ዘመድ የሆነው ሃይድሮክሲክሎሮኪን ከኬሞቴራፒ ጋር ተጨምሮ 112 የተሰራጨ የቆሽት ካንሰር ባለባቸው ሕሙማን ላይ ተፈተነ፤ በ2019 በታተመው ውጤት ዕጢያቸው የቀነሰላቸው ሕሙማን ቁጥር ቢጨምርም፣ አንድ ዓመት በሕይወት የመቆየት ዕድላቸው አልተሻሻለም።

አሁን በመግቢያው ወደተነሣው ጥያቄ እንመለስ። ጾም ኦቶፋጂን ያነሣሣልን? በእርሾና በአይጥ ያነሣሣል። ነገር ግን የኖቤል ሽልማቱ የተሰጠው ሂደቱ የሚሠራበት ስልት በመገኘቱ እንጂ ጾም በሽታን እንደሚፈውስ በመረጋገጡ አይደለም። ለአይጥ የአንድ ቀን ረሀብ ከፍተኛ የክብደት መቀነስ የሚያስከትል ጽኑ ችግር ነው፤ ከሰው የአንድ ቀን ጾም ጋር በሰዓት ሊመዛዘን አይችልም። በ2004 ሚዙሺማ ባጠኗቸው አይጦች ላይ እንኳ ረሀቡ በጉበትና በጡንቻ ኦቶፋጂን ሲያነሣሣ በአንጎል ውስጥ አልታየም። በሕያው ሰው የተለያዩ ብልቶች ውስጥ ሂደቱን በቀላሉ የሚለካ የተረጋገጠ የሕክምና ምርመራም እስካሁን የለም። ስለዚህ “በ16ኛው ሰዓት ይጀምራል” ወይም “በሦስተኛው ቀን ካንሰርን ያጠፋል” የሚለው ቁጥር ሁሉ ከሰው የተለካ አይደለም።

ጾም በሀገራችን የክርስቲያኑም የሙስሊሙም የእምነት ሥርዓት ነው፤ ለክብሩ የቤተ ሙከራ ምስክር አያስፈልገውም። ሐኪም የሚጠነቀቀው በሌላ በኩል ነው። ኢንሱሊን የሚወስድ የስኳር ሕመምተኛ ሕዋሴን ላድስ ብሎ ያለ ምክር ምግብ ቢተው የደሙ ስኳር ወርዶ ሊሞት ይችላል። የሳንባ ነቀርሳ ያከሳው ወይም ካንሰር ያደከመው ሕመምተኛ ደግሞ ከአካሉ የሚቆረስ ትርፍ የለውም። ለእነዚህ ሰዎች የሚነገረው ቃል የማያሻማ መሆን አለበት።

መደምደሚያ

የዚህ ታሪክ ሰዎች አንድ ነገር ያመሳስላቸዋል። ደ ዱቭ የተበላሸ የመሰለ ልኬት አልጣሉም፤ ኦሱሚ የቆሻሻ መጣያ የተባለውን ከረጢት አልናቁም፤ ኋለኞቹም ተመራማሪዎች የቀደመ ተስፋቸውን የሚቃረን ውጤት ሲያገኙ አልሸሸጉም። ከ1859 ቃል እስከ 2016 ሽልማት 157 ዓመታት አልፈዋል። በዚያ ሁሉ ጊዜ የተገኘው ዕውቀት ሕዋስ ለመኖር ምን ያህል ከራሱ እንደሚሰጥ፣ ለጎረቤቱም ምን ያህል እንደሚያካፍል አሳይቶናል። ይህን ዕውቀት ለሕመምተኛ ስናቀርብ የእርሾውን ለእርሾ፣ የአይጡን ለአይጥ፣ የሰውን ለሰው ብለን እንለይለት። ዕውቀቱን በትዕግሥት ላቆዩልን ሰዎች ውለታ የምንመልሰው በዚህ ነው፤ ሕመምተኛውንም የምንጠብቀው እንዲሁ ነው።